ከጂቡቲ ባህር ወደ እንጦጦ ዳገት

ለካ ባህር ጠልቆ የወጣ ሰው ተራራ አይወጣም! ጂቡቲ ለእረፍት ሄጄ የአየር ሲሊንደር አዝዬ ስጠልቅ ሰነበትኩላችሁ። አሰልጣኜ የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ «ከጠለቅክ በኋላ ሙሉ ቀን ሳታርፍ አውሮፕላን እንዳትሳፈር» ብሎኛል። እኔ ግን በመጨረሻው ቀን ጠዋት «አንዴ ብቻ!» ብዬ ጠለቅኩና ከሰዓት በረርኩ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ቤቴ ስገባ ትከሻዬንና ጉልበቴን ይቆረጥመኝ ጀመር።

አክስቴ ገና ስታየኝ «የባህር ነገር ነው የለከፈህ! ነገ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት፣ ፀበል!» አለች። በማግስቱ በታክሲ ዳገቱን ስንያያዘው ሕመሙ ባሰብኝ። ከፍ ባልን ቁጥር እጮሃለሁ፤ በጮህኩ ቁጥር አክስቴ ደስ ይላታል። ሹፌሩን «አየህ፣ ቦታው ሲቀርብ የለከፈው ነገር ፈራ! ንዳው ልጄ፣ ንዳው!» ትለዋለች። የቤተክርስቲያኑ በር ላይ ስንደርስ ለአሰልጣኜ ደወልኩ።

«የት ነህ?»

«እንጦጦ።»

«ተራራው ላይ? አብደሃል እንዴ? ባህር ውስጥ ደምህ ውስጥ የገባው አየር፣ ከፍ ስትል እኮ እንደተከፈተ ለስላሳ ነው የሚፈላው! አሁኑኑ ውረድና ሆስፒታል ግባ!»

ሆስፒታል ኦክስጅን ተደርጎልኝ ሻል ሲለኝ አክስቴ ቅር እንዳላት «ዶክተር፣ ፀበሉ ይቅር ማለት ነው?» አለች።

«ለምን ይቀራል እናቴ? ብቻ ፀበሉ ወደ እሱ ይውረድ እንጂ እሱ ወደ ፀበሉ እንዳይወጣ።»

በማግስቱ ብቻዋን ወጥታ አንድ ሃይላንድ ሙሉ ይዛልኝ መጣች። ክዳኑን ከፍታ እያቀበለችኝ፦

«እንካ ጠጣ፤ እዚህኛው ውሃ ውስጥ እንኳ መጥለቅ አትችልም!»