ማማጥ በእንግሊዝኛ

በቅርቡ ጡረታ የወጡ አንድ የእንግሊዝኛ መምህር የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን ለማየት ቸኩለው በማዋለጃው ክፍል ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው ምጧ ገና ጀመር ስላደረጋት፣ ወገቧን ይዛ ከወዲያ ወዲህ ትመላለሳለች። በዚህ መሐል ነጭ ጋውን የለበሰች ወጣት ስታልፍ አየቻቸውና ቆም አለች።

«መምህር! እርስዎ ነዎት እንዴ? እኔ እኮ ተማሪዎ ነበርኩ። ሣቅ እያመለጠኝ ከክፍል የሚያስወጡኝ!»

«አንቺ ሣቂታ! አዋላጅ ሆንሽልኝ?» ብለው ብድግ አሉና እጇን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

ሰላምታው እንዳለቀ አዋላጇ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መምህር፣ ዛሬ ተረኛዋ አዋላጅ እኔ ብቻ ነኝ። እዚያኛው ክፍል መንታ ያረገዘች እናት አለች። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ለመውለድ ከደረሱ፣ ልጅዎ አጠገብ የሚሆነው ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ሐኪም ነው። እሱ ደግሞ ከእንግሊዝኛ በቀር አያውቅም። የሚላትን አስቀድሜ ላስረዳት ብዬ ነው።»

መምህሩ ፈገግ አሉ። «ለእኔ ልጅ? በመዝገበ ቃላት ያሳደግኋት ልጅ እኮ ናት!»

«እንግዲያው "ቤር ዳውን" ቢላት ምን ታደርጋለች?»

«ይሄማ ቀላል ነው። "ቤር" መሸከም፣ "ዳውን" ወደ ታች። ሆዷን ተሸክማ ከአልጋው ትወርዳለች።»

አዋላጇ ሣቋን ዋጥ አደረገችው። «ባለፈው ሰሞን አንዲት ጸሐፊ ልክ እንደዚህ ተረድታው፣ የሕፃኑ ራስ ብቅ ሲል እግሯን ከአልጋው አወረደች። ሐኪሙ ደግፎ ባይዛት ኖሮ ወለሉ ላይ ነበር የምትወልደው።»

መምህሩ ደነገጡ። ልጃቸውን ዘወር ብለው አዩ። ሆኖም ዕድሜ ልክ ያስተማሩትን በአንድ አፍታ መልቀቅ ለማንም ሰው ቀላል አይደለም።

«ልጄ፣ እያንዳንዱ ቃል የራሱ ትርጉም አለው ብዬ ነው ያስተማርኋችሁ። ሁለት ቃል ሲደመር የሁለቱን ትርጉም ይሰጣል እንጂ፣ ሦስተኛውን ከየት ያመጣዋል?» አሉ ወደ አዋላጇ ዞረው።

«ይፍቀዱልኝና ልጠይቅዎ። በእኛ ቋንቋ "ቁጭ አለ" ስንል ሰውየው ምን ተናገረ?»

«ምንም አልተናገረም። ተቀመጠ ማለት ነው።»

«"አለ" ማለት ግን ተናገረ አይደለም? "ዝም አለ" ስንልስ? ዝም ያለ ሰው እንዴት ይላል?»

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ።

«በቃ፣ እጅ ሰጠሁ!» አሉ በመጨረሻ። ወዲያው ያሉት ነገር ገባቸውና እጆቻቸውን አገላብጠው አዩ። ሁለቱም በቦታቸው ነበሩ። መምህርና ተማሪ አብረው ሣቁ።

«ታዲያ ምን ማለት ነው?»

«ባለ በሌለ ኃይል መግፋት፣ መጫን ነው። ለወላድ ሲሆን ማማጥ። እስክሪብቶ ላይ ከሆነ ወረቀቱ እስኪቀደድ መጫን። ሥራ ላይ ከሆነ መበርታት። "ኦን" ሲጨመርበት ደግሞ ከባድ መኪና ሰው ላይ ሲመጣበትም ይባላል። በሁሉም ውስጥ ክብደትና ጉልበት አለ።»

«"ዶንት ቤር ዳውን" ካላትስ?»

«ገና ነው፣ አታምጪ፣ በአፍሽ ተንፍሺ ማለቱ ነው። ያለ ጊዜው ካማጠች ትደክማለች፤ ልትጎዳም ትችላለች።»

መምህሩ ልጃቸውን ጠሩ። «ነይማ የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ላርምልሽ።»

«አባዬ፣ ዛሬም ትምህርት አለ?» አለች ግድግዳውን ተደግፋ።

«አለ። ሐኪሙ "ቤር ዳውን" ሲልሽ፣ "አምጪ" ማለቱ ነው።»

«ምን ላምጣለት?»

«ልጁን ነዋ!»

ምጡ ባይመለስባት ኖሮ ሣቋ ቶሎ ባላቆመ ነበር።

አዋላጇ እንደፈራችውም ሆነ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ እናቶች በአንድ ጊዜ ደረሱና እሷ ወደ መንታዎቹ ሮጠች። መምህሩ ከበሩ ውጪ ጆሯቸውን አቁመው፣ መጀመሪያ «ዶንት ቤር ዳውን» የሚለውን የሐኪሙን ድምፅ፣ ቀጥሎም የልጃቸውን ቁርጥ ቁርጥ ያለ ትንፋሽ ሰሙ። ከዚያ «ቤር ዳውን! ቤር ዳውን!» ሲል፣ ልጃቸው ከሆዷ አቃስታ ገፋች። እሳቸውም ሳይታወቃቸው የወንበሩን ጠርዝ ጨብጠው አብረዋት ያምጡ ነበር። የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ ወንበሩን ለቀው ወደ በሩ ተጠጉ።

ሴት ልጅ ነበረች። እናትና ልጅ ደህና፣ መንታዎቹም ደህና።

መምህሩ ቤታቸው ሲመለሱ፣ ከሰዓት በኋላ የሚያስጠኗቸውን የጎረቤት ልጆች በአዲስ መንገድ ማስተማር ጀመሩ። ግሡን አብሮት ከሚሄደው ቃል ጋር፣ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ውስጥ፣ በሥራና በቤት በሚሰማበት አኳኋን ያስተምራሉ። ልጆቹም እንደ ድሮው ሸምድደው ከመርሳት ይልቅ፣ የሰሙትን መረዳትና መልሰው መናገር ጀመሩ። ከመካከላቸው አንዷ በአባቷ አዲስ መጋዝ የእንግሊዝኛ መመሪያ ላይ "ዶንት ቤር ዳውን" የሚለውን አንብባ፣ «ምላጩን አትጫነው ይላል» ብላ ከአደጋ አድናዋለች።

አንድ አባት ግን ደብተር ገልጦ አይቶ ቅር አለው። «መምህር፣ ድሮ በቀን ስንት ቃል ያስይዙ ነበር፤ አሁንማ ሦስት አራት ብቻ። ምነው አነሰ?»

«ቃሉ አነሰ» አሉ መምህሩ ደስ ብሏቸው፣ «የሚገባቸው ግን በዛ።»