መሪው አርጅቷል

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጉተማ በቀይ ሽብር ጊዜ ባሌን ባመለጠው አንድ ቃል አሳሰረብኝ፤ በዚያው ቀረ። ከዓመታት በኋላ ከባኮ ወደ ነቀምት ስመለስ፣ አኖ ከተማ ላይ ጉተማ የተሳፈርንበት ላንድሮቨር ውስጥ ገብቶ ፊት ለፊታችን ተቀመጠ። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ። አጠገቤ ያለው ወጣት የአውሮፕላን መካኒክ ነው። አብራሪው ፊት ያለውን ከፍታ የሚያሳይ አሮጌ መለኪያ አውጥተው፣ ቴሌቪዥን የመሰለ አዲስ ሊተኩበት እንደሆነ ጉተማ ከመሳፈሩ በፊት ሲያጫውተኝ ነበር። መለኪያውን «መሪው» ነው የሚሉት።

«አካም ጅርታ? ሥራ እንዴት ነው?» አለው ጉተማ።

«ምን ሥራ አለ፣ ኦቦ! መሪው አርጅቷል።»

«መሪው?»

«አዎ፤ ይዋሻል። እየወረድን፣ እየወጣን ነው ይላል።»

«ታዲያ ምን ይሁን ትላለህ?»

«ነቅሎ መጣል ነዋ! የሚተካው ተዘጋጅቷል።»

ተሳፋሪው ሁሉ ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ።

«እንዲህ የምትሉት ስንት ናችሁ?»

«የክፍላችን ሰው በሙሉ!» ብሎ ሳቀ።

ጉተማ አልሳቀም።

«ጎበዝ። ስምህን ማን ልበል፣ ጓድ?»

ልጁ ሊመልስለት አፉን ሲከፍት፣ እግሩን በተረከዜ ረገጥኩት።