ሰባት ሳምንት ለአራት ሰከንድ

እትዬ እማዋይሽ፣ ይቀመጡ። ዛሬ በጡረታ መሸኛዎ እንኳ ቁጭ ብለው ይስሙ።

በዚህ የፊልም ክፍል ከእርስዎ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ የመጡ ዕለት ከጅጋ በጋሪ ነበር። የፊልም ማሳያውን ማሽን በጋቢ ጠቅልለው ታቅፈውታል። የበሩ ዘበኛ አየና፣ «እህቴ፣ ሆስፒታሉ ወደ ላይ ነው፤ ልጁን ቶሎ ያድርሱት» አለ። እርስዎም «አልታመመም፤ አርጅቶ ነው» ብለው አለፉት።

እናንተም ባልደረቦቼ ታውቋቸዋላችሁ። ቀይ ሹራብ ለብሶ ክፍላችን የገባ ሰው ይባረራል፤ «ቀለምህ ስክሪኑ ላይ ያርፍብኛል» ይሉታል። በባልደረባችን በመሰረት ሰርግ ሁላችን ስንበላ፣ እሳቸው ሳህናቸውን ይዘው ቴሌቪዥኑ ሥር ቆመዋል። «ምነው?» ብላቸው፣ «እነዚህን ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው እንዲህ የሰፉት?» አሉኝ። የድሮ ፊልም ሰፊውን ስክሪን እንዲሞላ ተለጥጦ ነዋ! ሙሽራዋ እስክትገባ ሪሞት ሲፈልጉ ቆዩ።

ሳቃችሁን ከጨረሳችሁ አንድ ነገር ልናገር። ደክሞኛል፤ ይዤው መቆየቱ ነው ያደከመኝ።

የዛሬ ስምንት ዓመት፣ ቡሬ አካባቢ የተቀረጸ የጥንት ፊልም ወደ ሲዲ እንድንገለብጥ ታዘዝን። ቀለሙ በዕድሜ ብዛት ወደ ቀይ ሄዷል፤ ምስሉን ጭረትና አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ ሞልቶታል። እትዬ እማዋይሽ ለለቅሶ ወደ ፈረስ ቤት ከተማ ሄደው ነበርና ብቻዬን ያዝኩት። የኮምፒውተሩን የማጥሪያ ፕሮግራም እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁ። የሰው ፊት ሁሉ እንደ ሰም ለሰለሰ። ቀለሙንም አደመቅሁት። ሲዲው ቡሬም ጅጋም ገበያ ወጣ። «እንዴት ጠራ!» ተባለ። ኮራሁ።

ከወር በኋላ ወይዘሮ ያይኔአበባ የሚባሉ የገጠር ሴት ከልጃቸው ከምሥራቅ ጋር ከቡሬ መጡ። ባላቸው በዚያ ፊልም ከአጫጆቹ ጋር ተቀርጾ ኖሯል። ምሥራቅ ሳትወለድ ሞቷል፤ ፎቶ የለውም። ሲዲውን ጎረቤት ቤት አይተው ነው የመጡት።

«ልጄ፣ ይኸ እሱ አይደለም» አሉኝ። «እሱ ጠይም ነበር። ጉንጩ ላይ በሬ የወጋው ጠባሳ ነበረው።»

«እናቴ፣ ዘመኑ ስለራቀ ረስተውት ይሆናል» አልኳቸው።

አፌን በቆረጠው! እናትየዋ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። አርባ ሊሞላት የተቃረበችው ምሥራቅ ግን በሩ ላይ ቆማ፣ «እንግዲያ የማንን ፊት ሳይ ሰነበትኩ?» አለች።

እትዬ እማዋይሽ ሲመለሱ ነገርኳቸው። የመጀመሪያውንና እኔ ያጠራሁትን ምስል ጎን ለጎን አደረጉና፣ «ምኑን ነው ያጠፋኸው?» አሉኝ።

«ቆሻሻውን።»

«ወንዳወቅ፣ ማሽኑ እኮ ጭረትና ጠባሳ አይለይም።»

ክፉ ቃል ግን ከአፋቸው አልወጣም።

ሰባት ሳምንት ሠሩ። ፊልሙን ከጥቅልሉ እንደገና ገልብጠው ጭረቱን በእጅ፣ አንድ በአንድ አነሡ። የቀለሙን ልክ ለማግኘት ቡሬ ድረስ ሄደው የደረሰ ጤፍ በቀትር ፀሐይ አይተው መጡ። የዓይን ሐኪም ቀጠሯቸውን ሁለት ጊዜ አሳለፉ።

ከዚያ እናትና ልጅን አስጠሩ። ሰውየው የሚታየው አራት ሰከንድ ነው፤ ቀና ብሎ ላቡን ይጠርጋል። ጠባሳው አለ። ወይዘሮ ያይኔአበባ «እሱ ነው» አሉ። ምሥራቅ፣ «ድገሙልኝ» አለች። አሥራ ሦስት ጊዜ ደገምንላት።

ያልተቃናም አለ። ዛሬም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞረው የእኔው ቅጂ ነው። ሰው የእሳቸውን ሲያይ «ጨለም ይላል፣ ጭረት አለው» ይላል። ያኔ ሥራ አስኪያጃችን አቶ አለማየሁ «ማን ነው ያበላሸው?» ብለው ሲጠይቁ፣ እትዬ እማዋይሽ «ክፍላችን ነው» ብለው ወቀሳውን ተቀበሉ። ስምንት ዓመት ዝም አልኩ። አቶ አለማየሁ፣ እኔ ነኝ።

እትዬ እማዋይሽ፣ የማመሰግንዎ ስላላጋለጡኝ ብቻ አይደለም። ያን ዕለት ቢሰድቡኝ ሥራውን ትቼ እሄድ ነበር። አጠገብዎ አስቀምጠው አስተማሩኝ። ዛሬ የሰው ፊት ሳጠራ እጄ ይፈራል፤ ይህን ፍርሃት የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። እግዜር ይስጥልኝ።

በሉ፣ ብርጭቆ አንሡ። ፈረስ ቤት ወንድምዎ ገብስ ዘርቷል አሉ። ደጁ ላይ ይቀመጡና ዓይንዎን ያሳርፉ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ የደከመውን ዓይንዎን እመቤቴ ታብራልዎ። ገብሱ አረንጓዴው በዛ ቢልዎ እንኳ ግድ የለም፣ ይተዉት። የእሱን ቀለም እንዲያርሙ ለእርስዎ አልተሰጠም።

ለእትዬ እማዋይሽ!