ሁሪያ አብዱልሐሊም ስለተወሰደባት የጠፈር መሣሪያ ንድፍ የሰጠችው ቃል

ስም፦ ሁሪያ አብዱልሐሊም ሰይድ
ዕድሜ፦ 33 ሥራ፦ የፊዚክስ መምህርት
አድራሻ፦ ሀብሩ ወረዳ፣ መርሳ ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት፦ ወልድያ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4፡20 ሰዓት

ተጠርጣሪውን ሙባረክ ኢብራሂምን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ግራና ከተማ አንድ ሰፈር አድገን አሁን ወልድያ በአንድ ቤተ ሙከራ እንሠራለን። ከዚህ ጉዳይ በፊት ጠብ አልነበረንም።

ለጠፈር ቴሌስኮፕ የሚሆን የኢንፍራሬድ ስፔክትሮሜትር ንድፍ ለብቻዬ ስሠራ ቆይቻለሁ። መሣሪያው ዓይን የማያየውን የሙቀት ብርሃን በትኖ በሩቅ ዓለማት አየር ውስጥ ውሃ መኖሩን የሚለይ ነው። ሥራውን የጀመርኩት በ2014 ዓ.ም. መብራት በጠፋበት ጊዜ ስለሆነ ስሌቱ በሙሉ በእጄ የተጻፈው በሦስት ደብተር ነው።

ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም. አንድ የውጭ ድርጅት ላወጣው የንድፍ ጥሪ እንዲልክልኝ ከደብተሮቹ ወደ ኮምፒውተር የገለበጥኩትን ፋይል በፍላሽ ለሙባረክ ሰጠሁት፤ መርሳ ኢንተርኔት አስቸግሮኝ ነበር። በማግስቱ «በስምሽ ልኬዋለሁ፣ ሐሳብ አይግባሽ» አለኝ።

ጥር 21 ቀን ከቀኑ 9፡00 ሰዓት ገደማ መርሳ መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ሳለሁ ደወለልኝ። «ሁሪ፣ ብርሃን ተቀባዩ ለምንድን ነው እንዲያ የሚቀዘቅዘው?» ሲል ጠየቀኝ። መሣሪያው ከሞቀ የራሱ ሙቀት ከሩቅ የሚመጣውን ብርሃን እንደሚውጠው ነገርኩት። ደጋግሞ ሲጠይቀኝ ደስ አለኝ፤ ስለ ሥራዬ የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረኝም። ከሚኒባሱ ወርጄ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሜ አስረዳሁት።

የካቲት 30 ቀን ውጤቱ ሲወጣ ንድፉ ተመርጧል፤ ስሙ ግን የሙባረክ ብቻ ነው። በደወለልኝ ሰዓት ገምጋሚዎቹ በኢንተርኔት እየጠየቁት በመካከል እረፍት ሰጥተውት እንደነበር ማስታወቂያው ላይ የቃለ መጠይቁን ቀንና ሰዓት አይቼ ያን ጊዜ ተረዳሁ።

በማግስቱ ደብተሮቼን ላወጣ የቤተ ሙከራውን ቁም ሣጥን ብከፍት ባዶ ነው። ቁልፉ ያለው በእኔና በእርሱ እጅ ብቻ ነው። ቢሮው ሄጄ ስጠይቀው አልካደም። «በአንቺ ስም ቢላክ ማን ዞር ብሎ ያየው ነበር?» አለኝ። «ደብተሮቹስ?» ስለው «አቃጥያቸዋለሁ» አለ። «የአባቴን ጀናዛ ተሸክመህ የቀበርክ አይደለህም ወይ?» አልኩት። አቀረቀረ።

ንድፉ የእኔ ለመሆኑ ማስረጃ እንዳለኝ በመርማሪው ተጠይቄ የሚከተለውን መልሻለሁ። በተላከው ፋይል ውስጥ አንድ ስህተት አለ። መስታወቱን የያዘው ብረት በቅዝቃዜ ሲኮማተር መስታወቱን ይሰነጥቀዋል። ይህን ያገኘሁት ፋይሉ ከተላከ በኋላ ነው፤ ስሌቱን ራሱ የሠራ ሰው ካልሆነ አያገኘውም፣ ሙባረክም አያውቅም። ዝም ብል ኖሮ መሣሪያው ተሠርቶ መስታወቱ ሲሰነጠቅ እርሱ በተዋረደ ነበር። አላስቻለኝም፤ ትናንት ስህተቱን ከነማስተካከያው ለድርጅቱ ጽፌያለሁ። ምላሽ አልሰጡኝም። በማን ስም እንደሚሠሩት አላውቅም፤ መስታወቱ ግን አይሰነጠቅም።

ከላይ የሰፈረው ቃሌ ተነቦልኝ እንደተናገርኩት ሆኖ ስላገኘሁት፣ ያልጨመርኩበትና ያላጎደልኩበት እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

ቃል ሰጪ፦ ሁሪያ አብዱልሐሊም (ፊርማ)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ረዳት ሳጅን ውባለም ተፈራ (ፊርማ)