ከቀለቡ የቀረው

ከልደታ ወደ ተክለ ሃይማኖት በሚሄድ ውይይት ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። የከሰዓት ፀሐይ ሁላችንንም አፍዝዞናል። ፊት ለፊቴ አንዲት ወጣት እናት የተኛ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ የተቀመጡት ባልቴት ከፍርድ ቤቱ ስትወጣ አይተዋታል።

«ቀለብ አስወሰንሽ?»

«አዎ፣ እማማ። ዛሬ አለቀ።»

«እንዴት አድርገው ነው የሚያሰሉት?»

«መጀመሪያ የአባትየውን ደሞዝ ጠየቁ። ከዚያ ላይ የእናት አገር ጥሪ መዋጮውንና የቤት ኪራዩን ቀነሱለት።»

«ከዚያስ?»

«ልጁ ምን ያስፈልገዋል አሉኝ። ወተቱን፣ ልብሱን፣ ሕክምናውን፣ ሲደርስ ትምህርት ቤቱን ተናገርኩ። እኔም ስለምሠራ የኔንም ደሞዝ አዩና አካፈሉን። የሱ ድርሻ በየወሩ ከመሥሪያ ቤቱ ይቆረጣል።»

«ደግ ነው። ምንም የቀረ ነገር የለም።»

«አንድ ነገር ቀርቷል።»

«ምን?»

«የአባቱን ጆሮ ካልያዘ አይተኛም።»

ባልቴቷ ልጁን አዩት።

«ይኸው ተኝቷል እኮ።»

«ታክሲው እያወዛወዘው ነው። ቤት ስንገባ ይነቃል።»

«ያንቺን አስይዢው።»

«ጉትቻዬን አውልቄ ሞክሬያለሁ። በእንቅልፍ ልቡ ይዳስሰውና ይለቀዋል።»

«ለዳኛው አልነገርሻቸውም?»

«ስንት ብለው ይተምኑታል፣ እማማ?»

«እውነትሽን ነው።»

«እሁድ እሁድ አባቱ ይውሰደው ብለዋል። እሁድ ደህና ይተኛል።»

ተክለ ሃይማኖት ደርሰን «ወራጅ» ስል ቀኝ እጄ ጆሮዬን እንደያዘ ነበር።