ግማሽ ጉንጭ ሳሙና

እንዴት አደርክ፣ ፀጉር አስተካካዩ ወዳጄ! ይሄ አዲሱ መስታወትህ እንዴት ደስ ይላል! ከአግዳሚው ሳልነሳ መንገዱ በሙሉ ይታየኛል፤ የጤና ጣቢያው በር እንኳ ሳይቀር... አንተ ሥራህን ሥራ፣ እኔ ተራዬን እጠብቃለሁ። ወንበሩ ላይ ያሉት ጋሼም ይመቻቸው። ሳሙናው ተቀብቷል፣ ምላጩ ጉሮሯቸው ላይ ነው፣ የት ይሄዳሉ?

ዝም ከምል ስለ አንድ ትልቅ ሰው ላጫውትህ። አታውቃቸውም፤ የሌላ ሰፈር ሰው ናቸው። ሙያቸው ቁልፍ መሥራት ነው። ጋሼም ቁልፍ ሠሪ ናቸው አይደል? አየህ ዓለም ስትጠብ!

ምን ዓይነት አዋቂ መሰሉህ! የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ስንት ዓመት ተምራ የምትለየውን የአእምሮ ሕመም እሳቸው ጫማቸውን ሳያወልቁ ይለዩታል። እህታቸው፣ ያቺ የስንቱን ሙሽራ ልብስ የሰፋች ልጅ፣ አንድ ቀን የስፌት መኪናዋን ሸፍና ተኛች። ምግብ አስጠላት፣ እንቅልፍ ራቃት፣ የምትወደው ቀለም ሁሉ አመድ መሰላት። ሲስተሯ መጥታ፣ «ይሄ ድብርት ይባላል» አለች። «ሁላችንም አንዳንድ ቀን ይከፋናል፤ ይሄኛው ግን ሳምንታት ተቀምጦ ሰውን ከሥራውም ከራሱም ያጣላል። ሕመም ነው፣ ይታከማል። ቁጭ ብለን እንነጋገራለን፤ ካስፈለገም ሐኪሙ መድኃኒት ያዝላታል።»

ምስኪን፣ ይህን ሁሉ ምን አስወራት? ወንድምየው በአንድ ቃል ጨረሱታ! «ስንፍና!» ...ምርመራ ማለት ይሄ ነው። ሕክምናውስ? ጩኸት። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ከምግብ በፊት። ካልተሻላት ይጨመርላታል።

«ጤና ጣቢያ ከሄድሽ ሰው እብድ ይልሻል» ብለው ከለከሏት። ለስሟ አስበው እኮ ነው! ለስሟ... ያው የሁለቱም የአባት ስም አንድ አይደል?

ራሳቸው ደግሞ ፍጹም ጤነኛ ናቸው። ሱቃቸውን ይቆልፋሉ፣ ይሄዳሉ። ከመንገድ ተመልሰው ቁልፉን ይጎትታሉ፣ ይሄዳሉ። ደግሞ ይመለሳሉ። ቁልፉ አፍ ቢኖረው፣ «ተቆልፌያለሁ፣ በእናትህ ልቀቀኝ!» ባለ ነበር። የሰፈሩ ሌቦች እሳቸውን በማየት ብቻ ደክሟቸው ሙያ ቀይረዋል። ሲስተሯ ለዚህም ስም አላት መሰለህ? ከንቱ መሆኑን ሰውየው ራሱ እያወቀ፣ እጁን ይዞ የሚመልሰው ሐሳብ አለ ትላለች። ሳይመለሱ ትንሽ ትንሽ መቆየትን እያለማመዱ ያድኑታል አሉ። እኔ ግን አላመንኳትም። እህት ስትተኛ ስንፍና ነው፤ ወንድም ሲመላለስ ጥንቃቄ። ምኑ ይከብዳል?

ጋሼ፣ ምነው ተቁነጠነጡ? ምላጭ አለ እኮ! ሱቅዎን ቆልፈዋል፤ ሲጎትቱት አይቻለሁ፣ ደግመው ሲጎትቱትም አይቻለሁ። ደግሞስ እኔ ስለ ሌላ ሰው አይደለም እንዴ የማወራው?

ውይ! በመስታወቱ ውስጥ ያለፉት እነማን ናቸው? አንዷ ያንተዋ ባለቤት አይደለችም፣ ወዳጄ? ክንዷን ደግፋ የያዘቻትስ... ልብስ ሰፊ ትመስላለች። ወዴት ይሆን በጠዋቱ? እይ፣ እይ፣ ወደ ጤና ጣቢያው ታጠፉ! አይ አጋጣሚ! ጋሼ ሊላጩ የገቡበት ሰዓት መሆኑም አጋጣሚ፣ የአንተ ምላጭ ዛሬ መንቀርፈፉም አጋጣሚ። ግዴለህም፣ ቀስ በል። ያኛውን ጉንጭ ደግመህ ቀባው። ጋሼ እንደሆኑ በግማሽ ጉንጭ ሳሙና መንገድ ላይ አይሮጡም። ሰው ምን ይላቸዋል? እብድ አይላቸውም?

በሉ እንግዲህ፣ ላልኳችሁ ሰውዬ ምርቃት ላውርድ። ጋሼ፣ እርስዎም አሜን ይበሉ፤ አንገትዎን ሳያንቀሳቅሱ። ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው። የሠሩት ቁልፍ ዝገት አይይዘው። እህታቸው ድና ያማረ ሙሉ ልብስ ትስፋላቸው። እሳቸውም አንድ ቀን ያመማቸው እንደሆነ፣ ፈጣሪ አስታማሚ አይንሳቸው... ቁርጥ እሳቸውን የመሰለ።