ከእናታችን ደረት የተነሳው ጠገራ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፤ እኔ ታላቅ እህታቸው ሚርዛ፣ የወንድሜን የአቶ ኢንድሪኪስን ዜና ሕይወት ላነብላችሁ ቆሜአለሁ። በሕይወት ሳሉ "አንተ" እላቸው ነበር፤ ዛሬ ወግ ነውና፣ አፌን እየመረረኝም ቢሆን፣ አከብራቸዋለሁ።

አቶ ኢንድሪኪስ ከአባታችን ከአናጢው ከአቶ አንሲስና ከእናታችን ከዜልማ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊገባ ዓመት ሲቀረው እዚሁ ከተማችን ታልሲ ተወልደው፣ ትምህርታቸውን ጨርሰው በወተት ፋብሪካ በመካኒክነት አርባ ዓመት ሠርተው፣ ወይዘሮ አውስማን አግብተው ኤልማርስን ወልደዋል። ፍቅራቸው ግን የብር ሳንቲም ነበር። በሁለቱ ጦርነቶች መካከል የተመቱትን የፖላንድን፣ የሀንጋሪን፣ የኛንም የላትቪያን ጠገራዎች ከየአሮጊቱ ጓዳ እያሰሱ ይሰበስቡ ነበር። የተፋቀ ጠገራ ከዛገ ሚስማር አይሻልም እያሉም ልጃቸውን ሳንቲም እንዳያሽ ይቆጡት ነበር።

አባታችን እናታችንን ሲያገቡ፣ ላት በሚባለው በአገራችን ገንዘብ ባለ አምስት በሆነ አንድ ጠገራ ጀርባ መርፌ አስበይደው፣ የደረት ጌጥ አድርገው ሰጥተዋት ነበር። ሩሲያዎች ሲገቡ በቀሚሷ ጠርዝ ሰፍታ ደበቀችው፤ በረሀቡም ዘመን በዳቦ አልለወጠችውም። የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት ልትሞት ስትል፣ "ሌላ ምንም አልፈልግም፤ እሱን ደረቴ ላይ አድርጋችሁ ቅበሩኝ" አለችን። አቶ ኢንድሪኪስ እኔ አደርግላታለሁ ብለው፣ ሬሳው ካለበት ክፍል ብቻቸውን ገብተው፣ በሻርፗ እስከ አገጯ ሸፍነዋት ወጡ። እኛም፣ አይ ሞኝነት፣ የተባረከ ልጅ ብለን መረቅናቸው።

ባለፈው ማክሰኞ ልባቸው ቀጥ ብሎ አረፉ። ወይዘሮ አውስማ መታወቂያቸውን ስትፈልግ የሳንቲም አልበማቸውን ብትገልጠው፣ የእናታችን ጠገራ ቁጭ ብሏል። መርፌው ተነቅሏል፤ ብየዳው በሞረድ ተፍቋል፤ ከሥሩ በራሳቸው እጅ "ጀርባው የተፋቀ፣ ዋጋ የሌለው" ተብሎ ተጽፏል። ቱ! የገዛ እናትን ሬሳ ገፎ፣ ዋጋ የለውም ብሎ መጻፍ!

አውስማ፣ "ከሱ ጋር ይቀበር፤ ይጥገበው" አለች። እኔ እምቢ አልኩ። ዛሬ ጠዋት መቃብር ቆፋሪውን ለምኜ፣ የእናታችንን አፈር ክንድ ያህል አስከፍቼ፣ ጠገራዋን መለስኩላት።

አቶ ኢንድሪኪስ ባለቤታቸውን፣ አንድ ልጃቸውን፣ እኔን እህታቸውንና አራት አልበም ሳንቲም ትተው ሄደዋል። የሚያርፉት ከእናታችን ቀኝ ነው። እሷ ይቅር ካለቻቸው በኋላ እግዚአብሔርም ነፍሳቸውን ያሳርፍ፤ እስከዚያው ግን እጃቸውን ይሰብስቡ።